የኩሮሳዋ የእገታ ፊልም፡ ምልክቶቹ ስራ ይሰራሉ

ስለ ፊልም ስናወራ ሲምቦሊዝም የሚባለውን ነገር እንደ እንቆቅልሽ አድርገን ነው የምናወራው፣ ቀይ ቀሚስ ከለበሰች ደም ነው፣ እርግብ ከበረረች ነፃነት ነው፣ መስታወት ከተሰነጠቀ ትዳሩ ሊፈርስ ነው ምናምን፣ ዳይሬክተሩ ደብቆታል እኛ ፈልፍለን እናወጣዋለን እንደማለት። እኔ ግን ጥሩ ፊልም ላይ እንደዛ አይመስለኝም። ምልክቱ መጀመሪያ እቃ መሆን አለበት፣ ሰዎቹ የሚከፍቱት፣ የሚዘጉት፣ የሚሸከሙት እቃ፣ ታሪኩ ውስጥ የራሱ ስራ ያለው። ስራውን በደንብ ከሰራ ትርጉሙ ሳይጠራ ይመጣል። ይሄን ከየትኛውም ፊልም በላይ ያሳየኝ የጃፓናዊው ዳይሬክተር የአኪራ ኩሮሳዋ የ1963ቱ (እ.ኤ.አ.) የእገታ ፊልም ነው፣ በጃፓንኛ ርእሱ ገነትና ሲኦል ነው፣ በውጪ ሃይ ኤንድ ሎው ብለው ነው የሚያውቁት። በ2025 ስፓይክ ሊ ኒውዮርክ ላይ አድርጎ በዴንዘል ዋሽንግተን ሰርቶታል፣ እሱን ያያችሁ ታሪኩን በግምት ታውቁታላችሁ። እዚ ላይ ግን የማወራው ስለ መጀመሪያው ነው፣ መጨረሻውንም ጭምር ነው የማወራው ስለዚ ያላያችሁት አይታችሁ ተመለሱ።

ጎንዶ የሚባል ሰውዬ አለ፣ ቶሺሮ ሚፉኔ ነው የሚጫወተው። ናሽናል ሹስ የሚባል የጫማ ድርጅት ኃላፊ ነው፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ ቆዳ እየሰፋ ነው እዚህ የደረሰው፣ አሁን ዮኮሃማ ላይ ከተማውን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ላይ ትልቅ ዘመናዊ ቤት አለው። ሌሎቹ ኃላፊዎች ርካሽና ቶሎ የሚያልቅ ጫማ ሰርተን እናትርፍ ብለው ይመጡበታል፣ እሱ ናሙናውን በእጁ ገነጣጥሎ ያሳያቸውና ያባርራቸዋል። ለካ በድብቅ ቤቱን ሳይቀር አስይዞ የድርጅቱን አክሲዮን ሊገዛ ብር አዘጋጅቷል፣ ቼኩ ኦሳካ ሊሄድ ነው። በዚህ መሃል ስልክ ይደወላል፣ ልጅህን ይዤዋለሁ 30 ሚሊዮን የን አዘጋጅ። ጎንዶ ለሰከንድ አያመነታም፣ እከፍላለሁ ይላል፣ ከዛ ልጁ በበር ዘው ብሎ ይገባል። የተወሰደው የሾፌሩ ልጅ ነው። አጋቹ መሳሳቱን ሲያውቅም ግድ የለውም፣ አሁንም ክፈል ነው የሚለው። ጎንዶ ከከፈለ አክሲዮኑም ይቀራል ቤቱም ይሄዳል።

አሁን ይሄ ስህተት ከየት እንደመጣ ተመልከቱ። መጀመሪያ አካባቢ ሁለቱ ልጆች፣ የጎንዶ ልጅ ጁንና የሾፌሩ ልጅ ሺንኢቺ፣ ሳሎን ውስጥ ሸሪፍና ሽፍታ እየተጫወቱ ይሯሯጣሉ፣ አንዱ የካውቦይ ልብስ ለብሷል። ጎንዶ ለልጁ ዝም ብለህ አትሩጥ፣ ተደብቀህ ጠብቀህ ምታው የሚል ምክር ይሰጠዋል፣ የወንድ ልጅ ነገር ካላሸነፍክ ትሸነፋለህ ነው በሚል መንፈስ። ትንሽ ቆይተው ልጆቹ ልብስ ይቀያየራሉ። በቃ ይሄ ብቻ ነው። ስናየው የልጆች ጨዋታ ነው፣ እናትየው ብቻ ናት አባባሉን የማትወደው፣ ግን ፊልሙ ሙሉ እዛች ጋ አለ፣ አዳኝና ታዳኝ ልብስ ሊቀያየሩ ይችላሉ፣ የሀብታም ልጅና የሾፌር ልጅም ከሩቅ ለሚያያቸው በልብስ ነው የሚለዩት። ኩሮሳዋ ይሄን እንድናስተውል ሙዚቃ አያስገባም፣ ካሜራውንም ልብሱ ላይ አያስጠጋም። ልብሱ መጀመሪያ ስራውን ይሰራል፣ አጋቹን ያሳስታል፣ ትርጉሙ የሚገባን በኋላ ነው።

ከዛ በኋላ አንድ ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ከሳሎኑ አንወጣም ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ፊልሙን የሚተወው፣ እኔ ግን የምወደው ክፍል ነው። ስክሪኑ በጣም ሰፊ ነው፣ ኩሮሳዋ ሰዎቹን እዛ ስፋት ላይ እያዘዋወረ ነው የሚተርከው። ሾፌሩ አኦኪ ሁሌ ዳር ላይ ነው፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ቤቱ ውስጥ መቆም እንኳን እንዳልተፈቀደለት ሰው፣ ልጁ የታገተበት እሱ ሆኖ ሳለ። ጎንዶ ለእሱ ጀርባውን ይሰጣል፣ ሚስትየው መሃል ላይ ትቀራለች፣ ፖሊሶቹ አይናቸውን የሚያሳርፉበት አጥተው መሬት መሬት ያያሉ። ማንም ሳይናገር ማን ለማን ምን እንደሆነ አቋቋማቸው ይናገራል።

ደግሞ መስኮቱ አለ። አንድ ግድግዳ ሙሉ የሚሆን መስታወት ነው፣ ፊልሙ ሲጀምር ስሞቹ የሚያልፉት ከዚህ ከፍታ በሚታየው ከተማ ላይ ነው፣ ፋብሪካ፣ ወደብ፣ ጣራ በጣራ። ለጎንዶ ይሄ መስኮት ደረስኩ የሚልበት ነው። ስልኩ ሲመጣ ግን መስኮቱ ይገለበጣል፣ ምክንያቱም አጋቹ ከታች እያያቸው ነው። እናንተ ኤሲ አላችሁ እኛ ግን እዚህ ታች በሙቀት እየተቀቀልን ነው የሚል ነገር ይናገራል። ፖሊሶቹ የእቃ አድራሽ ልብስ ለብሰው ነው ቤቱ የገቡት፣ መጋረጃ ይዘጋል፣ መጋረጃው ለምን ተዘጋ ብሎ ሰውዬው ሲጠረጥር ደግሞ መከፈት አለበት፣ ያኔ መርማሪዎቹ ወለሉ ላይ ወድቀው ይደበቃሉ። አስቡት፣ ከተማው ውስጥ ምርጥ እይታ ያለው ቤት ውስጥ የመንግስት ፖሊሶች በሆዳቸው ይሳባሉ። ከላይ የሚያየው ሰው ራሱ የሚታይ ሆነ ብሎ ማንም መናገር አላስፈለገውም፣ መጋረጃው ተናገረው።

አሁን የቦርሳው ሲን። ጎንዶ ለመክፈል ወስኗል፣ ፖሊሶቹ ቦርሳዎቹ ውስጥ የሚደበቅ ሁለት አይነት ነገር አምጥተዋል፣ አንዱ ውሃ ውስጥ ከተጣለ መጥፎ ሽታ የሚያወጣ፣ ሌላው ከተቃጠለ ባለቀለም ጭስ የሚያወጣ። ይሄን ቆዳው ውስጥ ማን ይስፋው ሲባል ጎንዶ ተነስቶ የድሮ መሳሪያዎቹን ያመጣል፣ የጫማ ሰሪነቱን ዘመን እቃዎች፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱ መስራት ይጀምራል። ይሄ ሰው ጠዋት ማታ ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው ነበር፣ አሁን ሁሉም ቆመው እሱ ከስር ተቀምጧል። መርማሪዎቹ ዝም ብለው ያዩታል። ፊታቸው ላይ የሚታየው ሀዘኔታ ብቻ አይደለም፣ አክብሮት አለበት፣ ምክንያቱም እጁ ስራውን እንደሚያውቅ ያያሉ። ሀብቱን የሚያጣበትን ቦርሳ በገዛ እጁ እየሰፋ ነው፣ ደግሞም አጋቹን የሚያስይዘው ያው ስፌት ነው። አንድ ቦርሳ ላይ ይሄን ሁሉ ነገር መጫን ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን ሦስት ንግግርና አንድ የሚያስለቅስ ሙዚቃ ይፈልግ ነበር።

ከዚያ ጸጥታ በኋላ ድንገት ባቡር ውስጥ ነን። ስለ ትራንዚሽን፣ ማለትም ከአንድ ሲን ወደ ሌላ ሲን ስለመሻገር፣ ማውራት የፈለግኩት በዋናነት ለዚህች ነጥብ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ታፍነን፣ ድምፅ ሁሉ ሹክሹክታና ስልክ ሆኖ፣ በአንድ ጊዜ ኮዳማ የሚባለው ፈጣን ባቡር ጩኸትና ንቅናቄ ውስጥ ይከተናል። ጣቢያ ሲደርሱ፣ ትኬት ሲቆርጡ፣ ሲሳፈሩ አያሳየንም። ቤቱ ውስጥ ያቆየን ለዚህ ነው፣ የታመቀው ሁሉ ባንዴ እንዲፈነዳ። ባቡሩ ላይ ያለው ነገር ራሱ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ጎንዶ በባቡሩ ስልክ ተጠርቶ ገንዘቡን በመታጠቢያ ክፍሉ መስኮት ወርውር ይባላል፣ ያ መስኮት ደግሞ የሚከፈተው 7 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፣ ቦርሳዎቹ ከ7 ሴንቲ አይብለጥ የተባለው ለካ ለዚህ ነበር። ከግድግዳ ሙሉ መስኮት ወደ 7 ሴንቲሜትር መስኮት! ሰውዬው ሀብቱን በዛች ቀዳዳ ነው የሚጥለው።

እዚህ ጋ ስለ ሀገራችን ድራማና ፊልሞች አንድ ነገር ልበል፣ ስለምወዳቸው ነው የምለው። ከሲን ወደ ሲን ስንሻገር በየመሃሉ የከተማ ምስል እናስገባለን፣ ቀለበት መንገድ ላይ መኪና ሲርመሰመስ፣ ከላይ በድሮን ህንፃዎቹ፣ ከስር ክላሲካል፣ ከዛ ሌላ ሳሎን። ያ ምስል አዲስ አበባ መሆኑን ከመንገር ሌላ ምን ይሰራል? ኩሮሳዋም ከተማውን ከላይ ያሳያል፣ ግን ያ እይታ የአንድ ሰው እይታ ነው፣ ከአንድ ቤት ነው፣ እና ከታች ሆኖ ያንን ቤት የሚጠላ ሌላ ሰው አለ። ድሮኑን ከተከራየን አይቀር ማን እያየ ነው ብለን ብንጠይቅ ሲኖቹ ይያያዙልን ነበር። እኛ ከተማ ውስጥ ደግሞ ኮረብታም አለ ከኮረብታው ስር ያለ ሰፈርም አለ፣ ቁሳቁሱ በእጃችን ነው።

ወደ ፊልሙ። ልጁ በሰላም ከተገኘ በኋላ ፊልሙ አቅጣጫውን ይቀይራል፣ ከላይ ወደ ታች እንወርዳለን፣ እና የሚወስደን መንገድ በጣም የሚያስደንቅ ነው። ሁለት መርማሪዎች ከታች ሰፈር በሙቀቱ እየተንከራተቱ አጋቹ የደወለበትን የስልክ ቦታ ይፈልጋሉ፣ ቀና ብለው ቤቱን ያያሉ፣ አንዱ ከዚህ ሆነው ሲያዩት እውነትም ያናድዳል የሚል ነገር ይላል። ፖሊሱ ለአፍታ በአጋቹ አይን አየ ማለት ነው። ወዲያው ካሜራው እነሱን ይተውና የቆሸሸ የቦይ ውሃ ላይ የሚሄድ ሰው ነፀብራቅ ያሳየናል፣ ሬዲዮ ላይ የሹበርት ክላሲካል ሙዚቃ ይሰማል፣ ሰውዬውን እንከተለዋለን፣ ጠባብ ክፍሉ ይገባል፣ ጋዜጣ ይገልጣል። እሱ ነው! ማንነቱን ፊልሙ ምንም ሳያንዛዛ ሰጠን፣ ፖሊሶቹ ግን ገና አያውቁትም፣ አጠገቡ ነበሩ እኮ። መጀመሪያ ያየነው ሰውዬውን ሳይሆን ተገልብጦ ቆሻሻ ውሃ ላይ ያረፈውን ምስሉን መሆኑ ልቤን ይነካዋል፣ ጎንዶን የተዋወቅነው በንፁህ መስታወት አጠገብ ነው፣ ይሄን በቦይ ውሃ። ክፍሉ ውስጥ ከገባን በኋላ ደግሞ በመስኮቱ ያ ቤት ይታያል፣ ነጭ ሆኖ፣ ከላይ። አንድ ሰዓት ሙሉ ከውስጥ ሆነን ያየነውን ቤት አሁን እሱ እንደሚያየው እናየዋለን፣ እና ለምን እንደጠላው ለመረዳት ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም።

መሃል ላይ የምርመራ ክፍሉ አለ፣ ሱቶሙ ያማዛኪ የሚጫወተውን አጋች ታኬኡቺን ለመያዝ ፖሊሶቹ ተሰብስበው እያንዳንዱ ቡድን ያገኘውን ሪፖርት ያደርጋል፣ አለቃቸውን ቶኩራን የሚጫወተው ታትሱያ ናካዳይ ነው። አንዱ መናገር ይጀምርና ፍለጋው በምስል ይመጣል፣ ያልቃል፣ ሌላው ይነሳል። ደረቅ ሊሆን የሚችል ነገር ነበር ግን ፍንጮቹ ስለሚያምሩ አይሰለችም፣ ልጁ የታገተበትን ቦታ በስእል ይስላል፣ ባህሩና ፉጂ ተራራ ያሉበት፣ በስልክ ቅጂው ውስጥ ደግሞ ከጀርባ የባቡር ድምፅ ይሰማል፣ ባቡሮችን በድምፃቸው የሚለይ የባቡር ሰራተኛ ሰምቶ የየትኛው መስመር እንደሆነ ይነግራቸዋል። ስእሉም ድምፁም ወደ ሚቀጥለው ቦታ የሚያሻግሩን ድልድዮች ናቸው።

አሁን ጭሱ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ፖሊሶቹ ልጁ ያስታወሰውን የቦርሳዎቹን መልክ ጋዜጣ ላይ ያስወጡታል፣ አጋቹ ያያል፣ ይደነግጣል፣ ቦርሳዎቹን ማጥፋት አለበት። ከዛ ጎንዶ ቤት፣ በዛው መስኮት፣ ከከተማው መሃል ካለ ጭስ ማውጫ ላይ ጭስ ሲወጣ ይታያል፣ ጭሱ ሮዝ ነው። በፊልሙ ሙሉ ያለው ብቸኛ ቀለም ያ ነው። መጀመሪያ ሳየው ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ግን አስተውሉ፣ ለማስደነቅ የገባ ቀለም አይደለም፣ ጎንዶ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ የሰፋው ነገር ነው የሚጨሰው፣ የእጁ ስራ ከሩቅ መልስ ሰጠው። የጢሱን መነሻ ሲፈልጉ የሆስፒታል ቆሻሻ ማቃጠያ ላይ ይደርሳሉ፣ አጋቹ እዛ ሆስፒታል የሚሰራ ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) ነው። እና ያ መስኮት፣ መጀመሪያ የኩራት፣ ቀጥሎ የፍርሃት ቦታ የነበረው፣ አሁን አጋቹን የሚያሳይ ሆነ። አንድ እቃ ሦስት ትርጉም ያዘ፣ እቃው ግን ያው መስኮት ነው፣ አንድም ነገር አልተጨመረበትም።

ከዛ በኋላ ታኬኡቺን ሲከታተሉት አንዲት ትንሽ ሲን አለች፣ ጎንዶ ማታ ላይ የጫማ ሱቅ መስኮት ላይ የተደረደሩትን ጫማዎች ቆሞ ያያል፣ ታኬኡቺ ቀርቦ ለሲጋራው እሳት ይለምነዋል። ጎንዶ ማን እንደሆነ አያውቅም፣ ይለኩስለታል። መርማሪዎቹ ከሩቅ ክው ብለው ያያሉ። እዚህም መስታወት አለ፣ ከኋላው የሌላ ሰው ጫማ፣ ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል መሬት ላይ ቆመዋል፣ ላይና ታች የለም።

የመጨረሻው ሲን እስር ቤት ነው። ታኬኡቺ ሞት ተፈርዶበት ጎንዶን ማየት እፈልጋለሁ ብሎ አስጠርቶታል። መሃላቸው ላይ ሽቦና መስታወት አለ፣ እና ካሜራው በአንዱ ትከሻ በኩል ሌላኛውን ሲያሳይ የሚያየው ሰው ፊት መስታወቱ ላይ ያርፋል፣ የአንዱ ፊት የሌላውን ፊት ይሸፍነዋል። ታኬኡቺ ክፍሌ በክረምት ከብርዱ በበጋ ከሙቀቱ የተነሳ አያስተኛም ነበር፣ ከዛ ሆኜ ቤትህ ገነት ይመስል ነበር ይለዋል። ጎንዶ ንዴት የለበትም፣ ትንሽ የጫማ ድርጅት ውስጥ መስራት ጀምሬያለሁ ይለዋል። ስለ ምልክት የጻፉ ብዙ ሰዎች እዚህ ሲን ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት ነው ይላሉ፣ እኔ በከፊል ብቻ ነው የምስማማው። ነፀብራቁ አንድ ያደርጋቸዋል፣ መስታወቱ ግን ይለያቸዋል፣ ኩሮሳዋ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ነው የያዘው። ታኬኡቺ ኩራቱ ይሰበርና ይጮሃል፣ ጠባቂዎቹ ይይዙታል፣ የብረት መዝጊያው ይወርዳል፣ ጎንዶ ብቻውን ይቀራል። ፊልሙ እዛው ይቆማል፣ ጎንዶ ምን እንደተሰማው አይነግረንም፣ እኔም ቢነግረኝ አልወድም ነበር።

አንድ ቅር የሚለኝ ክፍል አለ፣ እሱን ሳልናገር ብተወው ታማኝ አልሆንም። ፖሊሶቹ ታኬኡቺን ማንነቱን አውቀው ወዲያው አይዙትም፣ ምክንያቱም በወቅቱ የጃፓን ህግ የእገታ ቅጣት ቀላል ነበር፣ ቶኩራ የባሰ ወንጀል ላይ ሊይዘው ይፈልጋል። (ህጉ በ1964 ተሻሽሎ ለገንዘብ የሚደረግ እገታ ቅጣቱ ከበደ።) እየተከተሉት ሄሮይን ገዝቶ ሱሰኞች ወደሚርመሰመሱበት ጠባብ መንገድ ይገባል፣ ንፁህ ሄሮይኑ ይገድል እንደሆነ በአንዲት ሴት ላይ ይሞክረዋል፣ ሴትዮዋ ትሞታለች። ማለትም ፖሊስ በቅርብ እያለ ሰው ሞተ። ይሄ የፊልሙ ከባዱ ጥያቄ መሆን ነበረበት፣ ለሀብታሙ ሰው ፍትህ ተብሎ አንዲት ስም የሌላት ሴት ህይወቷን ከፈለች። ኩሮሳዋ ግን ያንን መንገድ እንደ ቲያትር ነው የሰራው፣ ሱሰኞቹ እንደ ሙታን ግድግዳ እየቧጠጡ፣ የታኬኡቺ ጥቁር መነፅር ጨለማ ውስጥ እያብለጨለጨ፣ ሲኦል መሆኑን እንድናውቅ። ሌላ ቦታ ሁሉ እቃና ሰው ስራቸውን እየሰሩ ትርጉም ይሰጡን ነበር፣ እዚህ ግን ሰዎቹ ሌላ ስራ የላቸውም፣ ሲኦልን ለመምሰል ብቻ ነው የቆሙት። ሴትዮዋ እንደ ሾፌሩ አኦኪ ዳር ላይ እንኳን የምትቆምበት ቦታ አልተሰጣትም፣ ስለዚ ሞቷ ሊከብደን የሚገባውን ያህል አይከብደንም፣ ፖሊሶቹም ሳይጠየቁ ያልፋሉ። ይሄን ሲን ከእኔ በተለየ የሚያዩት ብዙ አሉ፣ የፊልሙ ምርጡ ነው የሚሉም አሉ፣ አይታችሁት የሚሰማችሁ ካለ ጻፉልኝ፣ በተለይ ቶኩራ ትክክል ነበር የምትሉ ካላችሁ ክርክራችሁን መስማት እፈልጋለሁ።